ለሦስት መስመር ባዶ ቦታ

ቅጹ አያውቀኝም፤ እንደ ወንድ ቆጥሮ
«ለምን መረጥኸው?» ይላል ተደፋፍሮ፣
ከተራ ቁጥር አሥር ቀጥሎ ተሰድሮ፣
መልስ የሚጻፍበት ሦስት መስመር አስምሮ።

ፒያሳ ቆሜአለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ፣
የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ሲጠርግ፤
ቅጹ እንዳይረጥብ በፌስታል ከልዬ፣
የእስክሪብቶ ክዳን አላምጬ ጥዬ።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለች ባለሱቋ፣
ማሽኑ ሲያጓራባት ሳይቋረጥ ሳቋ፤
«ሁሉም የሚጽፈው ያው አንድ ነው፤ ቀላል፤
‹አንጋፋ ነው› ይላል፣ ‹ሐኪም አፍርቷል› ይላል፣
‹ለቤተሰብ ቅርብ ነው፣ ወጪ ይቀንሳል›፤
የትናንቱ ልጅ መልስ እኔ ጋ ተርፏል፣
አምስት ብር ጣይና ላንቺም ይገለበጣል።»

እማዋይሽ ደግሞ፣ የመሪጌታ ልጅ ናት፣
ቃል ካላጣመመች እንቅልፍ የማይወስዳት፣
«አንዱን ግቢ» አለች፣ «ማራኪ ይሉታል፤
‹ማረከኝ› በይና ተይው፣ ይበቃል።
የተማረከ ሰው ምክንያት መች ይጠየቃል?»

ሳቅሁ። ጻፍሁ። ሰረዝሁ።

እውነቱ ሌላ ነው፤ ከመስመሩ ይሰፋል፣
ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይጀምራል።
ከማክሰኚት መጣን በአይሱዙ ጋቢና፣
የወንድሜ ትንፋሽ አልረጋም አለና፤
ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ካርቶን ላይ አደርን፣
ባለ ነጭ ጋዋን ሲያልፍ እየተከተልን።
እናቴ ስትጠይቅ «ልጄ ምን ሆነብኝ?»
መልሱ ሁሌ «መጣሁ»፣ «ቆዪ እናት፣ ጠብቂኝ»።
ካርዱ በእንግሊዝኛ፤ እኛ ማክሰኚቴ፤
ፊደሉን ስትዳብስ አየኋት እናቴ።

አንድ ተማሪ ቆመ።
ሲዳማ አገሩ፣ ዳንጊሶ ነው ስሙ፣
ጋዋኑ ላይ ፈሷል የእስክሪብቶው ቀለሙ፤
አማርኛው ገና ጾታ ያልለየ ነው፣
እናቴን ቀና ብሎ «አንተ፣ ስማኝ» ያለው።
«ይህን በር ታያለህ?» አለ፣ የክፍሉን በር
ገፋ አድርጎ ለቆ፣ ሲጢጥ ብሎ ሲቀር፤
«አየህ፣ አትገጥምም፤ ነፋስ ይገባታል፤
ልጅህም ልብ ውስጥ እንዲህ በር አለች፣ ደም ይመለስባታል፤
ሕፃን ሳለች ጉሮሮ ሳያማት አልቀረም፣ ያን ጊዜ ጀምሯታል።»

እናቴ ሳቀች፤ በዘጠኝ ቀን አንዴ፤
«እኔን ወንድ አረገኝ፣ ልጄን ሴት፤ ወይ ጉዴ!»
ከዚያም በሩን ገፋች፣ ለቀቀች፣ ደገመች፤
ገባትና ዝም ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

አዛነው አልዳነም።
ዳንጊሶ ጋዋኑን አውልቆ በእጁ ይዞ
ደረጃው ላይ መጣ፣ ከንፈሩ ደንዝዞ፤
«ዘግይታ መጣችብን፤ ይቅር በለን፣ አንተ» አለ።
ያኔ ማንም አልሳቀ።

ለቅሶው ላይ ሰው መጣ፤ አንዱ «ዓይን ነው» አለ፣
አንዱ «ምች»፣ ሌላው ጎረቤት ላይ ጣቱን እየጣለ፤
እናቴ ግን ቀና ብላ ከመደቡ፣
«በር ነው» አለች፣ «በር ነው፤ አልገጥም አለ ልቡ።»
ጎረቤታችን ቦጋለችም ከሐሜት ተረፈች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለሦስት መስመር በዛ፤
ባለሱቋ ትሞክር፣ እስኪ ይህን ታባዛ።
ዝናቡ አባራ። «መረጥኸው» የሚለውን
ላርመው አልሁና ተውሁት ፊደሉን፤
እናቴም «አንተ» ተብላ ነው የሰማች እውነቱን።

ጻፍሁ፦

«እዚያ ግቢ አንድ በር አለ፤ ሲዘጋ አይገጥምም።
እሱን ገፍቶ ያስረዳን ሰው ተመርቆ ሄዷል።
የሚቀጥለው ጠያቂ ‹መጣሁ› እንዳይባል ነው።»

ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ የዘለልሁትን ሞላሁ፤
ስም፦ ትርንጎ አስማረ።
ጾታ፦ ሴ።