የታች ድምፅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊተኛው ነበርኩኝ፣
"ቫርላም ካልጀመረ ማን ይችላል?" ያሉኝ።
በስቫኔቲ ደጋ፣ ከካውካሰስ ጫፍ ሥር፣
በረዶ ስድስት ወር መንገዱን ሲያስር፣
ከጠባቧ መቅደስ፣ ከጧፍ ብርሃን ፊት፣
"አቤቱ ማረን"ን ሳነሣው በጉልበት፣
ግንቡ ሲመልሰው ያንኑን ልመና፣
እኔ የሰማሁት የራሴን ምስጋና።

ትሑት ነበርኩ ደግሞ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤
ትሕትናዬንማ ሰው ሁሉ ያደንቃል።
የመበለት ጣሪያ በነጻ ጠግኜ፣
ከሠርግ ድግስ መሐል ከጫፍ ቦታ ሆኜ፣
"ኧረ ወደ ላይ ና!" እስኪሉኝ ጠብቄ፣
"ተዉኝ፣ ይበቃኛል" እል ነበር አውቄ።

ከዚያ አባ ሻልቫ መጡ ከከተማ፣
ጢማቸው ያልሞላ፣ ሳቃቸው የማይሰማ።
በጾም መጀመሪያ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ፣
ክንዴን ያዝ አድርገው በአንድ ቃል፣ በቃ፦
"ኦታር ይምራ ዛሬ፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ፤
አንተ ባኒን ያዝለት፣ ሁንለት የታች እጅ።"

ባኒ ማለት በኛ የታችኛው ድምፅ ነው፤
ላይኞቹ ሲበሩ መሬት የሚሆናቸው፤
አንድ ቃና ይዞ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ፣
እንደ ግንብ መሠረት፣ እንደ ሥር፣ እንደ ግንድ።
ሲኖር ማን ልብ ይለው? መኖሩን ማን ያውቀው?
ዜማው ገደል ሲገባ የዚያን ዕለት ነው።

"እሺ አባቴ" አልኩኝ ራሴን ደፍቼ፣
ውስጤን እንደ ምድጃ ከእሳቱ ጋር ዘግቼ።
በሰንበቱ ታዲያ ቦታዬ ቆምኩና፣
ባኒውን ለቀቅኩት እንደ ናዳ ቃና።
የልጁ ቀጭን ድምፅ ከናዳው ሥር ቀርቶ፣
ቆመ ጆሮው ቀልቶ፣ አፉ ባዶ ተከፍቶ።
ምን አጠፋሁ? አልኩኝ። ታች ሁን ተባልኩ፣ ሆንኩኝ።
ትእዛዝ ፈጸምኩኝ።

ሕዝቡ ሲወጣ ግን ፔፔላ ቀረች፤
ከወለሉ ላይ ሰም በቢላ ትፍቃለች።
ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ተጣምሟል፤
የመንደሩ ስለት ከጥፍሯ ሥር ገብቷል።
ቀናም ሳትል፣ እንዲሁ እየፋቀች፣
"ሰማሁህ ዛሬ" አለች።
"ደስ አለሽ?" አልኳት፤ ልቤ ለሙገሳ ተዘጋጅቶ ነበረ።
"ባኒ ከተሰማ ባኒነቱ ቀረ።"
ሌላ አልጨመረችም፤ መፋቋን ቀጥላ
ድንጋዩ ክር ክር አለ በዚያች አሮጌ ቢላ፤
ከወለሉ ላይ ሰም፣
ከኔ ላይ ስም።

በአንድ ቀን አልሆነም።
ትዕቢት እንደ ዝናብ ነው፣ በሥራዬ አውቀዋለሁ፤
በዚህ ስደፍነው በዚያ ሲያፈስ አየዋለሁ።
ድምፄን ዝቅ ባደርግ ዝቅታዬን ወደድኩ፤
"ማንም እንደኔ ዝቅ አይል" ስል ራሴን ያዝኩ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ቢላ ይዤ ሄድኩ፤
ከፔፔላ ጎን ተንበርክኬ ፋቅኩ።
እሷም ዝም፣ እኔም ዝም።
አንዳንዴ የጸለይኩት ያኔ ብቻ ይመስለኛል፤
ቃል የለም፣ ቃና የለም።

በፋሲካ ሌሊት፣ ሰው ከአምስት መንደር ወጥቶ፣
ኦታር ቆመ ድንገት፣ የሚይዘው ቃና ጠፍቶ።
ዝምታው ወረደ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።
ዜማው ከምላሴ ጫፍ ተሰልፎ ነበረ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አፌ የተማረው፣
አንዴ ብተነፍስ የኔ ነው፣ የኔ ነው።

አልወሰድኩትም።
አንዷን ቃና ብቻ ከእግሩ ሥር ዘርግቼ፣
ቆየሁ እስኪረግጣት፣ ትንፋሼን አብቃቅቼ።
ቆይቶ ረገጣት። ከዚያ ወጣ፣ ወጣ፣
እኔ በጠገንኩት ጣሪያ በኩል ወደ ሰማይ ወጣ።

"ኦታር! ኦታር!" አሉ፣ አቅፈው ሳሙት ከደጅ፤
እናቱ አለቀሰች፦ "የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ!"
እኔ ኮፍያዬን ፈልጌ ስወጣ ከጨለማው ደፍ፣
"ዛሬ አልሰማሁህም" አለችኝ ፔፔላ ስታልፍ፣
ጧፏን በመዳፏ ጋርዳ ከነፋሱ ክንፍ።

ኮራሁ። አልዋሽም። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል።
ወለሉን አየሁት፤ አዲስ ሰም ያብለጨልጫል።

ቅዳሜ ቢላ ይዤ እመለስበታለሁ።