የቅጹ ገጽ ሰባት

ፖስታው መጣ ዛሬ ከሌዋርደን ክሊኒክ፣
አሥራ አራት ወር ሙሉ ተራ ይዘን፣ ስልክ በስልክ።
ሃያ ገጽ ነው ቅጹ። ሲትሰ ድልድዩ ላይ ነው፤
ጀልባ በመጣ ቁጥር አስፋልቱን አንስቶ ወደ ሰማይ የሚያቆመው።

«የኑሮ ጓደኛ ይሙላው» ይላል። «በጭራሽ። አንዳንዴ። ሁልጊዜ።»
ሦስት ትንንሽ ሣጥን፤ የአሥራ አንድ ዓመት ሣቅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ትካዜ
ታጥፎ የሚገባበት።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ቀላል ናቸው።
«ድምፅ ይረብሸዋል?» ሁልጊዜ። ሌሊት ማቀዝቀዣው
ሲያጉረመርም አይተኛም፤ ተነስቶ ይነቅለዋል፣
ሲነጋ ወተታችን ጎምዝዞ ይጠብቀናል።
«ልማዱ ሲቋረጥስ?» ማክሰኞ ድንች ነው። አንድ ማክሰኞ ዓሣ ጠብሼ
በረንዳው ላይ ቆመ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ፤
እኔም ውስጥ ብቻዬን በላሁ፣ ተናድጄ፣ አልቅሼ።

«ቀልድ ይገባዋል?» እህቴ ባውክዬ ስትቀልድ
«በረዶው የወረደው ሐሙስ ነው» ይላታል፣ ሣቃችንን እንደ ክር ሲጎርድ።
ሰም የለውም ንግግሩ፤ ወርቁን እንዳለ ያስጨብጠኛል፣
ይከብዳል አንዳንዴ። እጄን ያቃጥለኛል።

«በልጅነቱስ?» እናቱ የለችም። ለእህቱ ለሂስከ ደወልኩ።
«ደህና ልጅ ነበር» አለች፣ «ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ
ጀልባ ይቆጥር ነበር፣ በየቀለሙ ከፍሎ።»
ሣቀች። ዝም አለች። «እኔም አብሬው እቆጥር ነበር» አለች፣
«እስካሁን እቆጥራለሁ» — ስልኩን ቶሎ ዘጋች።

ለምን እንደጀመርነው አልዋሽም። መጋቢት ላይ ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር፤
አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ አይናገር።
ዚፑ ሲነክስብኝ ግን ሻማ አምጥቶ በሰም አሸው፣ በደንብ እንዲዘጋ፤
ሣቅም ዕንባም አነቀኝ። ቁጭ አልን እስኪነጋ።
«ይሄ ነገሬ ስም ካለው» አለ ጎሕ ሲቀድ፣ «ስሙን ማወቅ እፈልጋለሁ።»
ደዋይዋ እኔ ነበርኩ። ፈላጊው እሱ።

ገጽ ሰባት። «የእርስዎን ስሜት ይረዳል?» እስክሪብቶዬ ቆመ።
አባቴ የሞተ ቀን «ስንት ሰዓት ላይ?» አለኝ። ሌላ ቃል የለም፣ እቅፍ የለም።
«አሥር ከሃያ» አልኩት። ልቤ ታመመ።
ያን ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ይዤው ከረምኩ፣
በዓመቱ፣ ቴምብር ስፈልግ፣ በመሳቢያው ውስጥ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ አገኘሁ፦
«የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። አሥር ከሃያ ላይ፣ የሚያልፍ ጀልባ ሳይኖር፣
ድልድዩን ለአራት ደቂቃ ከፍተው አቁመዋል። ሕዝብ አጉላልተዋል። ከዚህ በኋላ እንዳይደገም፣ እንዳይሞከር።»

አባቴ ጀልበኛ ነበር፤ አሸዋ ጫኝ።

አሁን ደብዳቤው ሦስት ነው። ሦስት ዓመት፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፤
መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ፣ ነፋሱ ብቻ በውሃው ላይ፣ አባቴ የሚያልፍበት።
ለዚህ የቱ ሣጥን ነው? በዓመት አንዴ፣ «አንዳንዴ» ነው?
ያቺስ ሌሊት? ሳለቅስ ተነስቶ፣ ሌላ ክፍል ገብቶ፣ በሩን የዘጋው?
ያም እውነት፣ ይህም እውነት። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤
ሣጥኖቹ ግን እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም።

ማታ መጣ። ካፖርቱን ሰቀለ፤ ቅጹን አነበበ፣ ከአንድ እስከ ሃያ፣
እንደ ጀልባ መዝገብ፣ ጣቱን በመስመሩ ሥር እያስኬደ።
«ገጽ ሰባት ባዶ ነው።»
«የሚሆን ሣጥን አጣሁ።»
አሰበ። ማስመሪያ ይዞ መጣ። ከሦስቱ ጎን፣ ልክ በእነሱ ቁመት፣
አራተኛ ሣጥን ሠራ፣ ማዕዘኑ ሳይዛነፍ፣ ትንፋሹን ይዞ በዝግታ።
«ስሙን አንቺ ጻፊው» አለ።
ከዚያ ሄዶ ማቀዝቀዣውን ነቀለ።