ቤት ያልመታ ስንኝ

ግሮድኖ፣ በሰባ ዘጠኝ፣ በእኛ አቆጣጠር፣
የአጥንት ስም ስሸመድድ ሌሊት ከመብራት ሥር፣
ያድቪጋ አከራዬ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ
አንድ ደብተር አኖረች ከክርኔ አስጠግታ።
«ያገርህም ፊደል እንዲህ ጠምዘዝ ያለ ነው፤
እስቲ እየው፣ ምን ይላል ልጅቷ የጻፈችው?»

የእንጨት መሰንጠቂያ መዝገብ ነው፤ በግራው ዓምድ በኩል
ይወርዳል የጥድ ግንድ ቁጥር በእኩል በእኩል፤
በቀኙ ግን፣ ዋጋ ሊጻፍ ከሚገባው ላይ፣
አጫጭር መስመሮች፣ የጣራ ጠፈጠፍ መሳይ።

ከጣቢያው ጀርባ ነው ሰዓት ጠጋኙ ኖሔም፤
በከተማው ሙሉ ከሱ ሌላ አንባቢ የለም።
አጉሊ መነጽሩ እንደተሰካ ባይኑ
ቃል በቃል ለቀመ፣ እስኪመሽ ድረስ ቀኑ።
«ባይት» አለ። «ሻማይም»። «ዳም»። «ሼም»።
ሰማሁ፦ ቤት፣ ሰማይ፣ ደም፣ ስም።
ጎንጅ ላይ ቅኔ ጀምሬ ለሕክምና የተውኩኝ
እኔ፣ ከወንበሬ ብድግ አልኩኝ።
ግንዱን «ዔፅ» ብላዋለች፤ ዕፅ ነው የኛው በግዕዙ፤
የአንድ እናት ልጆች፣ በየፊናቸው የተጓዙ።

ሄንያ ብሮይዴ ትባላለች። አባቷ ብራና ፋቂ፣
የኦሪት ጸሐፊ፣ ከስሕተት ተጠንቃቂ፤
በአምላክ ስም ላይ ቢስት ብራናውን ይቀብራል፤
ልጁ በዚያው ፊደል ስለ ካልሲ ቀዳዳ ትጽፋለች ቢባል ማን ያምናል?
ቋንቋው የመሠዊያ ነበር፣ የነቢይ፣ የመዝሙር፤
ድንች የለውም፣ ጋዜጣ የለውም፣ የለውም ባቡር።
እሷ ሰጋቱራ በሚቦንበት መሐል ቁጭ ብላ
ድንቹን «የምድር ፖም» ስትለው፣ ቃሉ አፏን ሞላ።

እጮኛዋ ከያፋ ጻፈ፦ «ነይ እንጂ፣ እዚህ በቋንቋሽ
ዓሣ ይሸጣል፣ ይሰደባል፤ ምንድነው የያዘሽ?»
«ኔማን ነው» አለችው፤ «ወንዙ በረዶውን ሲሰብር
ለሚያሰማው ድምፅ ስም ሳላገኝለት ንቅንቅ አልልም ካገር።»
ሰባት ቃል ፈጥራለች፤ ሰባቱም ተሰርዘዋል፤
አንዱ እንደ ሳህን ይሰበራል፣ አንዱ እንደ አጥንት ያቃስታል፣
አንዱን ኖሔም ሲያነበው ሳቀ፤ «ይሄማ ያስነጥሳል!»

በነሱም ግጥም ቤት አለ፤ አንጓው ራሱ ቤት ይባላል፤
በኛም ስንኝ ቤት ይመታል፣ ቤት ይደፋል።
ሄንያ ኅዳር ላይ ቤት ልቀቂ ስትባል፣ በሃያ ደቂቃ፣
ከማንኪያም ከሻሽም ይልቅ ይኼን መዝገብ ብብቷ ሥር ወሽቃ
አጥር ተሻግራ ሰጠች፤ ለያድቪጋ፣ ለዘጠኝ ዓመቷ።
«ሒሳቡ አልተዘጋም፤ ስመለስ እዘጋዋለሁ» ብቻ ነው የሰማች ከአንደበቷ።
አርባ አምስት ዓመት ጠበቀች። ሒሳቡ አልተዘጋም።
ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ኖሔም ቆመ። «እዚህ ጋ ባዶ ነው» አለ።
መስመሩ ሄዶ ሄዶ፣ ቤት ሊመታ ሲል ተንጠለጠለ፦

    «በመጋቢት፣ በሌሊት፣ ወንዙ ጀርባውን ሲያላቅቅ፣
    እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ መስኮት ከፍታ ስትጠብቅ፣
    አባቴ ብዕሩን አኑሮ፣ ጆሮውን ሲሰጥ ዝም ብሎ፣
    መንገዱ በሙሉ ይሰማል፦                    »

ልሞላላት ጓጓሁ። አማርኛዬን ፈተሽኩ፤
ነጎድጓድ አለን፣ ደራሽ አለን፣ ናዳ አለን፤ ሦስቱንም አቀረብኩ፣ መለስኩ።
በረዶ ከሰማይ ሲወርድ እንጂ ወንዝ ላይ ሲሰበር አያውቅም አገሬ፤
ግዕዙም ዝም አለ፤ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ አፍሬ።

ማታ ለያድቪጋ ነገርኳት። «ክሪሃሖድ ነው እኮ» አለች፣
ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር። «ያኔም ጠይቃኝ ነበረች፤
ነገርኳት። ደጋግማ አለችው፣ ሳቀች፤
‹ያንቺ ነው፣ ያንቺን አልወስድም› ብላ ሄደች።»
እጇን በሽርጧ አበሰች።

መጋቢት ነበር። መስኮቱን ከፈተች፤ ብርዱ ገጹን ናጠ፣ ነቀነቀ፤
ከሁለት መንገድ ማዶ፣ በጨለማ፣ አንድ ትልቅ ነገር ተሰነጠቀ፤
ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው።