ስፖኪዮ

አይሱዙ የገጨው መስታወቴን ግራ፣
ላስተካው ሄጄ ነው ሶማሌ ተራ፤
ከጎማ ክምር ሥር፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ወጣት
ሰሌዳ ይቀርጻል በመስታወት አናት፤
መርፌዋ ስትጮህ እንደ ክረምት ትንኝ፣
«ሰሌዳህን ጥራ» ብሎ ቀና አለና አየኝ።

አየኝና ቆመ።
«ተወው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ ቁጥሬን ደገመ፣
አንዲቷን ሳይዘል፣ ፊደሏን ሳይስት፣
ዳዊት እንደሚደግም፣ ያውም በቃሉ፣ ያውም ከስድስት ዓመት።

ብሔራዊ ነበር፤ መብራቱ ቀይ ሆኖ፣
ዝናቡ መስኮቱን እንደ ጉም ሸፍኖ፣
እጅ መጣች፤ ቀጭን፤
ነቅላው ሄደች ግራውን።
«ሌባ!» አልኩኝ። ሰው ሮጠ።
ለገሃር ሳይደርስ ልጁ አድጦት ተገለበጠ።
የመታውም መታ። አንድ ጊዜ እኔ፤
(አንዴ ነው እላለሁ፤ ቆጣሪ አልነበረም ያኔ።)

ልደታ፣ ችሎቱ፤ ዳኛዋ ጠየቀች፦
«ስምህ?» «ምንይችል።» እስክሪብቶዋ ቆመች፤
ከኋላዬ አንዱ ሳቀ፤ ሳቄን ዋጥኩት እኔም፦
ምን ይችል? መንቀል ነው፤ ሌላ አይችልም ምንም!
ዐሥራ አራት ዓመቱ፤ እጅጌው የታላቅ፣
ከንፈሩ ያበጠ፣ ዝም ያለ፣ ነገሩ እስኪያልቅ።
«ይታረም» ተባለ። ለኔ ማረም ማለት
የጤፍ እርሻ ነበር፤ ነቅሎ መጣል፣ መርሳት።

አሁን መስታወቱን እየገጠመልኝ፣ እጁ ሥራ ላይ እያለ፣
ሳልጠይቀው፣ እንዲህ አለ፦
«ሁለቴ አመለጥኩ፤ ሁለቴም ያዙኝ፤
በሦስተኛው ሌሊት አጥሩ ላይ ወጣሁኝ።
ከተማው ይታያል፤ ቆርቆሮው፣ መብራቱ፣ ያ የማውቀው መንገድ፣
አንድ ዝላይ ብቻ ነው የቀረኝ ለመሄድ።
ታዲያ ትዝ አለችኝ አንዲት በርጩማ፣
በሦስት እግር የተውኳት፣ እዛው፣ በጨለማ።
ቁጭ አልኩ አጥሩ ላይ። በረደኝ። ነጋብኝ።
ጋሽ በዳሶ መጣ፤ ‹ውረድ› እንኳ አላለኝ፤
‹ሙጫው ይደርቃል› አለና አለፈ።
ቀይ እስክሪብቶ አይወድም፤ በእርሳስ ነበር ልኬን የሚያርመኝ፤
‹ስህተቱ ያንተ ነው፣ ራስህ አጥፋው› የሚለኝ።»

ብሎኑን አጠበቀ። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።
«ስንት ነው?» «ሦስት ሺ።» «ቀንሳ፣ ለድሮው!»
«ለድሮው አይሆንም፤ በርካሽ ነበር ድሮ የምሸጠው።»

ሳቀ። ከፊት ጥርሱ አንዷ የለችም።
(አንዴ ነው እላለሁ።)
አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም።

ማታ አራት ኪሎ፣ ከግቢዬ በር፣
ሦስት ጊዜ ከአልጋ ወርጄ፣ በስልኬ ባትሪ፣
መኖሩን ሳጣራ ነበር።
አለ።
አለ።
አለ።
ሲነጋጋ ወጣሁ፣ ጤዛውን ልጠርገው፤
ፊቴ አለ እውስጡ፤ ጉንጬ ላይ ሰሌዳው፣
ጥርት ብሎ ተጽፎ፤
በእጅጌዬ ፈተግኩት፤ አይለቅም፤ እሱ ነው የጻፈው።