ቀጭኑ ድርሻ

ኅዳር ሲጋመስ ነው፤ በታምፔሬ ከተማ
ዝናቡ በረዶ ልሁን አልሁን ሲል ሲያቅማማ፣
ኦይቫ መጣ፣ የቤዝ ሳጥኑን በጋሪ ጭኖ፣
ላሙ እንደ ታመመችበት ገበሬ ፊቱ ዳምኖ።
የጋሪው ጎማ ሲጥ! ሲጥ! እያለ በየእርምጃው
እስከ ደጄ ደረሰ፤ እሱን ግን ምንም አልመሰለው።

«ሞታለች» አለኝ ገና ደፉን ሳያልፍ፣
«ያቺ ላይኛዋ፣ ያቺ ትንሿ አፍ።
ማዞሪያዋን እስከ ጥጉ ወሰድኳት በስተቀኝ፣
ትንፍሽ አትልም፤ እስቲ እዪልኝ።»

ገለበጥኩት፣ ጀርባውን ወደ መብራቱ።
የቢራ ጠብታ፣ የሠላሳ ዓመት አቧራ ነው ሀብቱ፤
በመሰኪያው ጎን ያቺ ጥቁር ማዞሪያ፣
በግራዋ የመቀነሻ ምልክት፣ በቀኟ የመደመሪያ፣
ሁለቱም በአውራ ጣት ታሽተው ሊጠፉ ደርሰዋል።

ሰው ሁሉ እሷን ሰጪ ያደርጋታል፤
ሰጪ አይደለችም። ኬላ ላይ የቆመች ቀራጭ ናት።
ድምፁ ከማጉያው ወጥቶ መንታ መንገድ ሲያገኝ፣ በቅጽበት
ጎርናናው ይወርዳል ወደ ታች፣ ወደ ሰፊው ደረት፤
ቀጭኑ ድርሻ ሽቅብ፣ ትዊተር ወደሚሏት ጉሮሮ፣
የጥፍሩን ጭረት ይዞ፣ የክሩን ሮሮ።
እሷ መካከል ቆማ ቀረጧን ታነሣለች፣
ያነሣችውን በሙቀት አቃጥላ የተረፈውን ታሳልፋለች።
እስከ ጥጉ በቀኝ ማለት ቀራጯ ተኛች ማለት ነው፤
ጉልበት ተጨመረ ማለት አይደለም።
የታችኛውን ግን አትነካውም። በዘጋኋትም በከፈትኳትም
ነጎድጓዱ ያው ነጎድጓድ ነው፤ አይጎድልም፣ አይጨምርም።

ሰካሁት። ማዞሪያዋን ባለችበት ተውኳት።
ፍሽሽታ ክፍሉን ሞላው፣ ጎማው እንደ ተነፈሰ የጭነት መኪና፤
ውሻዬ ሙስቲ ጆሮዋን ጥላ ወደ ጓዳ ሸሸች።
ኦይቫ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከቀዳዳው አስጠጋ፤
«ይኸው» አለኝ፣ «ጸጥ። ከሞተች ወዲህ ይኸው ነጋ፣
ይኸው መሸ።»

አላየኝም እንጂ፣ እኔ አየሁት።

ትዝ አለኝ ሄልሚ፣ የዳንስ ቤቱ ዘፋኝ፣ በጋውን ሙሉ
ስትጮኽበት፦ «ክርህ፣ ቢላዋ በሳህን ሲፋቅ ነው ምስሉ!»
እሱም «ዘፋኝና ቅንድብ ከዓይን በላይ መሆን ይወዳል» ብሎ መሳቁ።
ትዝ አለኝ ነሐሴ፣ ከሐይቁ ዳር ጎጆው ሲመጣ፣
«መርዝ ረጭተው ይሆናል» ማለቱ፣ «ሦስት ዓመት ሆነ፣ አንድ ፌንጣ
አይጮኽም በሣሩ ውስጥ።»
እኔም ስቄ ነበር። ስሜ ሲርካ ነው፤
በእኛ ቋንቋ ፌንጣ ማለት ነው።

አርባ ዓመት ቆሟል ከከበሮው ነሐስ ሥር፣
ቅዳሜ በቅዳሜ፣ ሠርግ በሠርግ፣ ሰፈር በሰፈር።
ለካ እዚያም ኬላ አለ፤
ቀራጩ በየዓመቱ ጋት በጋት ወደ ግራ እያለ
ከቀጭኑ ድርሻ ሲቆርስ፣ ሲቆርስ፣
ጎርናናው ስላልተነካ ሰውየው ሳይደነግጥ፣ ሳይታመስ።
ይህን እንዴት ብለው ይነግሩታል? እኔ የሳጥን ሐኪም ነኝ።

ማዞሪያዋን በጥቂት በጥቂቱ መለስኳት ወደ ግራ፣
ዓይኔ ከጓዳው በር ላይ፣ ክፍሉ እስኪጠራ።
ሙስቲ አፍንጫዋን አወጣች። ቆየች። መጥታ ምንጣፏ ላይ ተጋደመች።
እዚያ ላይ ቆምኩ።
ከመሳቢያ ቀይ የጥፍር ቀለም፣ አንዲት ነጥብ፤
በሞረድ አንዲት ጠርዝ፣ ጨለማ ውስጥ ጣት እንዲያገኛት።
«ጆሮህን አትመን» አላልኩም። «ጣትህ እዚህ ሲደርስ ተዋት» አልኩት።

ጠርዙን ዳሰሰው። ደግሞ ዳሰሰው። የሞተ ነገር እንዳልጠገንኩ
ሳይነግሩት የገባው መሰለኝ፤ ሒሳብም አልጠየቅሁ።

በሩ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፦
«ሲርካ... ፌንጦቹ አሉ እንዴ?»
«አሉ።»
«ብዙ?»
«ብዙ» አልኩት።
ኮፍያውን እስከ ጆሮው ጎትቶ ወጣ።

ጋሪው እስከ ድልድዩ ሲጥ! ሲጥ! ሲል ይሰማኛል፤
ዘይት ሳልቀባለት ሄደ።