ሊብሬ

ቀይ ነበረች አሉ። እኔ ስገዛት ግን ጣሪያዋ ነጥቷል፤
ፀሐይ ልሳት ልሳት የኮፋኖው ቀለም እንደ ደረቀ ከንፈር ተልጧል።
አጭር ናት፤ ቂጧ ቁርጥ ያለ፣ በሯ ሁለት፣ ጎማዋ ሰፊ፣
ድምጿ ከቁመቷ የሚበልጥ፣ ጎረቤት ቀስቃሽ፣ አኩራፊ።
ቆጣሪዋ ቆሟል። ስንት እንደ ሮጠች
የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፤ ሻጩ "አንዲት መምህርት ናት የነዳቻት" ብሎ ምሏል፤
ፔጆ የሚሸጥ ሁሉ እንዲህ ይምላል።

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ አምስት፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ጉል ዛማን አለ፣ የፔሻዋሩ፣ ጢሙን ሂና የቀባ።
"ካንዴላ" እለዋለሁ። ዝም።
"ቴስታ።" ዝም። "ጓርኒሲዮን።" አሁንም።
ድሬዳዋ፣ በአጎቴ በሸዋንግዛው ጋራዥ፣ ቁልፍ ሳቀብል የለመድኩት ቃል፣
ጣልያን ጥሎት ሄዶ እኛ ያነሣነው፣ እዚህ ሲደርስ ባዳ ሆኗል።
በጣቴ አሳየዋለሁ። እሱም በፓሽቶ ይጠራልኛል።
ተግባባን አልተግባባን፣
ብሎኑ በሁለታችንም ቋንቋ ዝጓል።

ጥር ላይ ፍሪሲዮን በላች። መጋቢት ላይ የውሃ ፓምፕ።
ግንቦት ላይ ቺንጊያዋ ሊበጠስ ጥቂት ክር ሲቀረው
ጉል ዛማን ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ራሱን ነቀነቀ።
የዚያ ወር ብር የእህቴ የስንዱ ነበር፣ የጣራ ቆርቆሮዋ።
ቤቷ ሳይከደን የኔ ሞተር ተከደነ።
ክረምቱም ገባ፤ እሷ ላስቲክ ወጥራ፣ እኔ ካንዴላ ቀይሬ።

ጎሽሜ፣ ከታችኛው አልጋ፣ "ሽጣት" ይለኛል፣
"ለቁርጥራጭ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ድርሃም ይሰጡሃል።
ሚስት ብታገባ እንኳ ትረክስህ ነበር።"
ሌሊት ግን፣ የተኛሁ መስሎት፣
ጨርቅ ይዞ ይወርዳል፣ የመስታወቷን አቧራ ሊጠርግ።

እንዴት እሸጣታለሁ?
ቪዛዬ በካፊሌ ስም ነው። አልጋው በጎሽሜ።
ሸሚዜ የላውንደሪው፣ ደረቱ ላይ አርማቸው።
የማደርሰው ልብስ የሰው፣ የምነዳው ቫን የሰው፣
ቀኑ ራሱ የሰው።
እሷ ብቻ። እዚህ ሙልኪያ ይሉታል፣ እኔ ሊብሬ እላለሁ፤
መዳፍ የማትሞላ ካርድ ናት፤
ስሜ አለባት፣ ያባቴም፣ ያያቴም፣
ካያቴ ስም አንድ ፊደል ዘለዋል፤
ቢሆንም እኛ ነን።

ዓርብ ሊነጋ ሲል፣ አስፋልቱ ሳይግል፣ እንወጣለን።
አሸዋው ያልቅና ድንጋዩ ይጀምራል፣ ሣር ያላበቀለው ጥቁር ተራራ፤
ሦስተኛ ማርሽ፣ ጠመዝማዛ፣ ዋሻ፣ ደግሞ ጠመዝማዛ።
ያኔ ዕድሜዋን ትረሳዋለች፤ አፍንጫዋን አስቀድማ
ኩርባውን እንደ ፍየል ትገባበታለች፣
የኋላ እግሯን ለአፍታ አንሥታ።
ወዴት ትሄዳለች ቢሉኝ፦ ከልባ።
እንዴት ትሄዳለች ቢሉኝ፦ ከልቧ።

መመለሻው ነው የሚከፋው።
ነሐሴ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ መንገዱ ተዘግቶ።
የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀዩ ስታዘግም አያታለሁ፣
የሕፃን ግንባር በመዳፉ እንደሚለካ ሰው።
ከዚያ አጎቴ ያስተማረኝን አደርጋለሁ፤
በአርባ ሰባት ዲግሪ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ።
በጎኔ፣ በነጭ ላንድክሩዘር ውስጥ፣ አንድ ልጅ
ብርድ ብርድ ብሎት፣ ሹራብ ለብሶ፣ ትኩር ብሎ ያየኛል።
የሞተሯ እሳት ፊቴ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ ይፈሳል።
"አምጪው" እላታለሁ። "ለኔ ስጪኝ።"
መርፌዋ ታመነታለች።
አንድ ጣት ትወርዳለች።

ሰፈር ደርሰን ኮፋኖዋን ከፍቼ ከጎኗ ቆሜያለሁ።
ስልኬ ላይ የስንዱ ድምፅ አለ፣ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ፣
ገና ያልሰማሁት።
ራዲያተር በትኩሱ አይከፈትም።
መጀመሪያ ይብረድ።