ገጣሚ

ሥራሽ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ «ገጣሚ ነኝ» እላለሁ፤
ግንዱን ከቅጠሉ፣ ቅጠሉን ካበባው ስገጥም እውላለሁ።
ነጩ ከቀዩ ጋር ቤት አልመታ ሲለኝ
ነቅዬ እተክላለሁ።

ቂርያት ማላኪ ነው፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፤
አንድ ማራገቢያ፣ ስድስት ሴት፣
የሺህ ሠርግ አበባ።

በቀኜ መቀሱ፣ በግራዬ ሽቦ በጥቅል በጥቅሉ፤
አረንጓዴ ጥብጣብ፣ ካልሳቡት የማይጣበቅ፣
እንደ ኩሩ ዘመድ ካልለመኑት የሚርቅ፤
ደረቁ ስፖንጅ፣ ቢላ ሲገባበት ጥርስ የሚያፋጨው፤
የሙጫው ሽጉጥ፣ ማንንም ያልገደለ፣
የኔን አውራ ጣት ግን ሦስቴ ያቃጠለ።
ከሁሉም መሀል፣ አፉ የዶለዶመ ጉጠት።
አለቃችን ኦስናት «ፕላየር» ትለዋለች፤
እኔ ጉጠት እላለሁ። እሷም ለምዳለች።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።
ሰቀልት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣
ከፍሙ መሀል በጉጠት ብረት ሲያገላብጥ፣
ቀን ማረሻ ገዝቶ፣ ማታ በሩን ዘግቶ
ስማችንን በሹክሹክታ የሚያነሳው ጎረቤት
አልጠፋውም ነበር። ዝም ይል ነበር እንጂ።
አንድ ክረምት፣ ጓሮ የተረሳ ማጭድ አንስቶ
«ብረትም ያብባል» አለኝ፣ «ዝናብ ካልነፈጉት።»
ልጅ ነበርኩ። የሚቀልድ መሰለኝ።

ዘንድሮ ሰባተኛው ዓመት ነው፤ ምድር ታርፋለች፤
ከመንገዱ ማዶ ማሳዋ እሾህ ለብሳ ተኝታለች።
ሕግ አክባሪው አይተክልም፣ አይገርዝም፣
እኛ ዘንድ ግን ትእዛዙ አያልቅም፦
ለአዳራሽ ሃምሳ፣ ለምኩራብ ዐሥር፣ ለዳስ ሌላ መቶ፤
ፕላስቲክ ሰንበት የለው።
ምድር ባረፈች መጠን የሚዝለው የኔ ጣት ነው።

ኦስናት አንድ ቀን መጥታ ጽጌረዳዬን አገላበጠች፤
«ያምራል» አለች፣ «ውሸቱ ግን ያስታውቃል» አለች።
«አንዱን ቅጠል ቅደጂው፣ አንዱን ግንድ አጣምሚው፤
እንከን የሌለውን ማንም ሰው አያምነው።»
ቀደድኩ። በጉጠት አጣመምኩ።
እንደኔው ግራ ትከሻው ያዘነበለ አንድ አበባ ወጣ፤
ከዋጋዬ አስቆርጬ ወደ ቤቴ መጣ።

አማቴ ትርንጎ፣ ዓይኗ የደከመው፣
ዓርብ ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በጣሳ ታጠጣዋለች።
«ምነው አላድግ አለ? አፈሩ ነው?» ትላለች።
ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ በዓይኔ ያዝኳቸው።
ስምንት ወር አጠጣችው።

ትናንት አቧራውን ላራግፍ ከማሰሮው ነቀልኩት።
ስፖንጁ ርሷል። ሽቦው ከሥሩ፣
ጥብጣቡ በላላበት በኩል፣ ቀላ ያለ ዱቄት አውጥቷል፤
ብነካው ጣቴ ላይ ቀረ፣
ንብ እንደሚሸከመው ያለ።

ልቆርጠው፣ በአዲስ ልተካው ጉጠቱን አነሳሁ።
ትርንጎ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤
የሽቦውን ድምፅ ሰምታ ነው መሰል
«አበበ እንዴ?» አለች።

ጉጠቱን አስቀመጥኩ።
«ጀምሯል» አልኳትና
መልሼ ተከልኩት።